መጀመሪያ 50 ጫጩት፣ ስለ 500ው በኋላ

ውድ ጠያቂያችን፣ በእንስሳት ሳይንስ ተመርቀህ ሥራ ስትፈልግ ወራት አልፈዋል፤ ቤተሰብህ ደግሞ ግማሽ ሄክታር የሣር መሬት አለው። «ሣሩ የመኖ ወጪ ስለሚቀንስልኝ 500 የሥጋ ጫጩት ላስገባ ወይስ ቅጥር ልጠብቅ?» ብለሃል።

ማማረጥ አያስፈልግህም፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። 500ው ግን ለጊዜው ይቅር፤ ስሌትህ የቆመው ሣሩ ላይ ነውና። ዶሮ እንደ ላም አታመነዥክም። ሣሩ፣ ትሉና ነፍሳቱ ይጠቅሟታል፤ ለሥጋ ዶሮ ግን የሚተኩት ከመኖዋ ጥቂቱን ብቻ ነው። አንዷ እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ ከ5 እስከ 6 ኪሎ መኖ ትጨርሳለች። በ500 ስታባዛው እስከ 3 ቶን ይደርሳል፤ የወጪህም ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

መሬቱንም እንለካው። ለ50 ዶሮ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ ወለል የሌለው ተንቀሳቃሽ ቤት ይበቃል። ቤቱ በየጠዋቱ 3 ሜትር ወደፊት ይሳባል፤ አንድ ቦታ ከቆየ ኩሱ ሣሩን ያቃጥላል፣ በእርጥቡ ኩስ ላይም ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይበረታል። በ3 ሳምንታቸው ከማሞቂያ ክፍሉ ወጥተው በ8 ሳምንት ቢታረዱ 35 ቀን ሜዳ ላይ ይቆያሉ፤ 315 ካሬ ሜትር ማለት ነው። 500 ሲሆኑ 10 ቤትና 3,150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሄክታርህ 5,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ሁለተኛው ዙር በከፊል የመጀመሪያው ዙር ኩስ ላይ ሊያርፍ ነው፤ 10 ቤት በየጠዋቱ መሳብም ቀልድ አይደለም።

ሙያህ የሚፈተነው ግን ሜዳው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ በማሞቂያው ሥር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ሲለካ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ቀንስ። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን እመን፦ መብራቱ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ዳር ዳር ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። የክፍሉን ማዕዘኖች በካርቶን አጠጋግተህ ዝጋ፤ ሲበርዳቸው ማዕዘን ላይ ተከምረው የታችኞቹ ታፍነው ይሞታሉ። ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን። የፈንግልና የጉምቦሮ (ሁለቱም በቫይረስ የሚመጡ የዶሮ በሽታዎች ናቸው) ክትባት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ከእንስሳት ሐኪም ጋር አስቀድመህ ወስን።

ወደ ሜዳ የሚወጡት ላባ ሲለብሱ፣ በደረቅ ጠዋት ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት አደራ፤ ዝናብ ከገባባቸው እንደገና ይከመራሉ። ሣሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከረዘመ ይረግጡታል እንጂ አይበሉትም። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ይከለክል ይሆናል እንጂ ሽለምጥማጥን ከመግባት አያግደውም። ከግድግዳው ታች በኩል ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ምታበት፤ ቤቱ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲያርፍ ከሥር የሚፈጠረውን ክፍተትም በየማታው ድፈን።

ለቅጥር የሚጠቅምህ ደብተሩ ነው። በየቀኑ የሞተውንና ምክንያቱን፣ መዝነህ የሰጠኸውን መኖ፣ በየሳምንቱም የ10 ዶሮ አማካይ ክብደት ጻፍ። በመጨረሻ ጠቅላላ መኖውን ለጠቅላላ የቁም ክብደት አካፍል። ለአንድ ኪሎ ዶሮ ከ2.5 ኪሎ በላይ መኖ ከወጣ መጀመሪያ መመገቢያውን ተመልከት፤ ጠርዙ ከዶሮዋ ጀርባ ዝቅ ካለ መኖው እየተበተነ ነው። ለዶሮ እርባታ ሥራ ስታመለክት ዲግሪው ብዙ ሰው እጅ አለ፤ የሁለት ዙር የሞትና የመኖ መዝገብ ይዞ የሚቀርብ ግን ጥቂት ነው።

ቃለ መጠይቅ በተጠራህበት ጠዋት ቤቱን ማን እንደሚስብ፣ ለዚህም ምን እንደሚከፈለው ከቤተሰብህ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። ጫጩቱን ከማዘዝህ በፊት ደግሞ ገዢውንና የእርድ ቀኑን ቁረጥ። ቀኑ ባለፈ ቁጥር ዶሮዋ የምትበላው ይጨምራል፣ በበላችው ልክ ግን አትወፍርም። ከእርዱ በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ መኖ አንሳ፣ ውኃውን ግን ተውላቸው።