ወደ ገጠር ሆስፒታል ለምትወጡ ኢንተርኖች፦ ጥያቄና መልስ

ዶ/ር ቆላዬ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለልምምድ የምትወጡ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ቆላም ደጋም ሠርቻለሁ፤ ጠይቁኝ። ደመወዝና ምደባ ግን አይነሳ።

አዲሷ ኢንተርን፦ ዶክተር፣ እንዴት ልዘጋጅ?

ዶ/ር ቆላዬ፦ ለምኑ? ለምጥ? ለወባ? ለእባብ? ለይተሽ ጠይቂ።

አዲሷ ኢንተርን፦ ይቅርታ፣ ለማዋለጃ ክፍል። ከወለደች በኋላ ደም ቢፈሳትስ ብዬ ነው የምፈራው።

ዶ/ር ቆላዬ፦ አሁን ጠየቅሽ። እንደደረስሽ፣ ሥራ ሳይበዛ፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ የት እንደተቀመጠ ሄደሽ እዪ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ትሪ ላይ ሲውል ካየሽ ዝም አትበይ። መብራት ሲጠፋስ? ፍሪጁ ጀነሬተር ላይ ተያይዟል? ብዙ ሰው 10 ዩኒት ይወጋና «ማህፀኗ እምቢ አለ» ይላል። እምቢ ያለው ሙቀት የበላው መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ደም። ሆስፒታሉ ውስጥ አለ? ከሌለ ከየት ይመጣል፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ቀን ላይ እወቂ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጠየቅ ከጀመርሽ ረፍዷል።

ደም መፍሰስ ሲጀምር ጮክ ብለሽ ሰው ጥሪ። ማህፀኑን ሆዷ ላይ በእጅሽ እሺ፤ ፊኛዋን ባዶ አድርጊ፤ በሁለት ወፍራም ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ፈሳሽ ክፈቺ። የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል? ማህፀኑ ጠንክሮ ደሙ ካላቆመ የተቀደደ ቦታ ፈልጊ። ደም እንዲቆም የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም የሚሰጠው ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ብቻሽን አትሞክሪው። የማዋለጃዋ ሚድዋይፍ ካንቺ ይልቅ ብዙ አይታለች።

ጎጃሜው፦ ራውንድ ላይ ሲኒየሩ ምን ይጠይቃል?

ዶ/ር ቆላዬ፦ የታማሚውን ታሪክ። ቀጣይ።

ሚጡ፦ ጋውን ስንት ልያዝ?

ዶ/ር ቆላዬ፦ ሁለት።

ሲ-ዋን ነኝ፦ ዶክተር፣ እዚያ ቄሳር የሚሠራው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰር ነው አሉ። ሐኪም ሆነን በእነሱ ሥር ነው የምንማረው?

የማዋለጃዋ፦ ሐኪም ሆነን? አንተ ገና ሲ-ዋን፣ የክሊኒካል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነህ! እነሱ ሦስት ዓመት ተምረው በማስተርስ የተመረቁ ናቸው። ሙያው የተጀመረው በየወረዳው ስፔሻሊስት ስለሌለ ነው።

ሲ-ዋን ነኝ፦ ንቄ አይደለም ሲስተር። ሎግቡኬን፣ የሠራሁትን የምመዘግብበትን ደብተር፣ ማን ይፈርምልኛል ብዬ ነው።

ጎጃሜው፦ መፍትሔው ስፔሻሊስት በየወረዳው መመደብ ነው።

የማዋለጃዋ፦ መጥተው ይቆያሉ? ውሃ በሌለበት?

ጎጃሜው፦ ለምን ይቆያሉ? መጀመሪያ ቤት ይሰጣቸው፣ ደመወዙም...

ዶ/ር ቆላዬ፦ በቃ። ደመወዝ አይነሳ ብያለሁ። ሲ-ዋን፣ በእጁ የሚሠራ ሰው ካገኘህ ማዕረጉን ትተህ አጠገቡ ቁም። ፊርማውን ዩኒቨርሲቲህን ጠይቅ።

ዘመድኩን፦ ታማሚውን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር የምንለው መቼ ነው?

ዶ/ር ቆላዬ፦ ደግ ጥያቄ። ወረቀት ጽፎ አምቡላንስ ላይ መጫን ሪፈር የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ከአቅምህ በላይ ሲሆን ትልካለህ፤ መጀመሪያ ግን አረጋጋ። ከዚያ በላይዘኑ፣ ሪፈር በሚያስተባብረው ክፍል፣ በኩል ለተቀባዩ ሆስፒታል ደውል። አልጋ አላቸው? ቀዶ ሐኪሙ አለ? ኦክስጅንስ?

ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ) የያዛትን እናት እንውሰድ። ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር፣ 5 ግራም ደግሞ በእያንዳንዱ መቀመጫዋ ሰጥተሃል። ሰዓቱን ግን አልጻፍክም። ተቀባዩ ሐኪም አልተሰጣትም ብሎ ይደግመዋል። መድኃኒቱ ሲበዛ መጀመሪያ የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበቷ ሲመታ እግሯ የሚወነጨፈው) ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይቆማል። ስለዚህ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ ይጻፍ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም አብሯት ይሂድ፤ ባለሙያም አብሯት ይሂድ። ሾፌርና አማት ብቻ አትላክ።

የላይዘኑን ስልክ ደግሞ ቀን ላይ ደውለህ ሞክረው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የቀድሞው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

ሚጡ፦ ዶክተር፣ ለማዋለጃ ክፍል ምን ልዘጋጅ?

ዶ/ር ቆላዬ፦ ከላይ አለ። ሳታነቡ አትጠይቁ።

ቆለኛው፦ ወደ መተማ አካባቢ ነኝ። ከወባ ሌላ ምን ልጠብቅ?

ዶ/ር ቆላዬ፦ ካላዛር፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ። ከእርሻ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ ክሳት። ወባ ብለህ አትዝጋው። ኤችአይቪም መርምረው፤ ሁለቱ አብረው ሲገኙ ሕክምናው ይከብዳል።

ቆለኛው፦ እባብ የነደፈውስ? ከላይ ማሰር ነው?

ዶ/ር ቆላዬ፦ አታስር! አትብጣ፣ አትምጠጥ። እግሩ እንዳይንቀሳቀስ አድርግና የደሙን መርጋት እይ። 2 ሚሊ ሊትር ደም በብርጭቆ ቱቦ ትቀዳለህ። ለ20 ደቂቃ ሳትነካው ታቆመዋለህ። ከዚያ አንዴ ታዘነብለዋለህ። ካልረጋ መርዙ ደሙን ነክቶታል፤ የመርዝ ማርከሻ ያስፈልገዋል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ውጤቱ አይታመንም።

ሲ-ዋን ነኝ፦ አያቴ ግን አስረው ነው የዳኑት።

ዶ/ር ቆላዬ፦ መርዝ ሳይለቅ የሚነድፍ እባብ አለ። አያትህ የዳኑት በገመዱ አይደለም።

ቆለኛው፦ የብርጭቆ ቱቦ ከሌለስ?

ዶ/ር ቆላዬ፦ ንጹህና ደረቅ የብርጭቆ ብልቃጥ ይሆናል። በሳሙና የታጠበ ግን አይሆንም። ላብራቶሪውን ጠይቅ። መቼ እንደሆነ ታውቃለህ።

ቆለኛው፦ ቀን ላይ 😄

ሚጡ፦ ዶክተር፣ ጋውኑ እጀ ሙሉ ነው ወይስ ጉርድ?