መጀመሪያ የረከቦቱን ቦታ ወስኚ

እህቴ፣ «ካፌ ልከፍት ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ቤት ተከራይቻለሁ፤ ሶፋ ላስገባ ወይስ በርጩማ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እዚሁ ጎንደር ካፌ በሠራሁባቸው 6 ዓመታት ያየሁትን ልንገርሽ።

ስጀምር የሚያብረቀርቅ ባንኮኒ ፊት ለፊት አቁሜ፣ ቡና የምታፈላዋን ልጅ ከነረከቦቷ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጥኳት። ሰው ከደጅ አይቶ ያልፋል። አንድ ቀን የከሰሉ ጭስ ውስጥ ቢያስቸግረን ረከቦቱን ወደ በሩ አወጣነው። ቡናው ሲቆላ መዓዛው አስፋልቱ ድረስ ወጣ፤ መንገደኛው ቆም አለ፣ ቄጤማውን አየ፣ ገባ። ከዚያ ወዲህ ወደ ውስጥ አልመለስኩትም። በዙሪያው በርጩማ ስደረድር ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ይጫወቱ ጀመር። በየቤታችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል የኖርነው እንደዚያ ጀበናዋን ከበን ነዋ!

መደገፊያ የሌለው በርጩማ ላይ ሰው አንድ ስኒ ጠጥቶ ይነሳል፤ ጠዋት ሥራ ለሚቸኩል ደንበኛ ይስማማል። ሶፋ ካስገባሽ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሲጨዋወት የሚያመሽ ይበዛል። ቤትሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጠገብ ቢሆን ለተማሪዎቹ ሶኬትና ሰፊ ጠረጴዛ አዘጋጂ እልሽ ነበር፤ ጠባብ ቤት ግን ኪራዩን አይችልልሽም። ለአዛውንቶች ብቻ ሦስት አራት ባለ መደገፊያ ወንበር አስቀምጪ። ጉልበታቸውን ይዘው ከበርጩማ ለመነሳት ሲታገሉ ማየት እኔን ያመኛል።

ሌላው፣ የሚገባው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው ግድግዳ ተደግፎ በሩን የሚያይበትን ቦታ ነው። መሐል ያለው ጠረጴዛ መጨረሻ ላይ ይሞላል። እኔ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግቼ መሐሉን መተላለፊያ አደረግሁት።

ድምፅ ላይም ተጠንቀቂ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ወሬው ያስተጋባል፤ ሰው ይጮኻል፣ አንቺም ሙዚቃውን ትጨምሪያለሽ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ሹልክ ብለው ይወጣሉ። ኮርኒስ አሠርቼ ግድግዳው ላይ ሰሌን ስሰቅል ብዙ ረገበልኝ።

ቤቱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከሠራቸው አንዱ ከሆነ መስኮቱን በማስታወቂያ እንዳትሸፍኚው፤ የፒያሳ ሰው ማታ ማታ አላፊ አግዳሚውን እያየ መጠጣት ይወዳል።

ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ከጎረቤት በርጩማ ተዋሺና ባዶው ቤት ውስጥ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም ተቀመጪበት። ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ፣ ነፋሱ ጭሱን ወዴት እንደሚወስደው እይና ረከቦቱን እዚያው ላይ ወስኚ።