ባለቤቴ ከአንድ ዶክመንተሪ በኋላ መጸለይ አቆመ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በትዳር 12 ዓመት ኖረናል። ሁለት ልጆች አሉን። ሁለታችንም በክርስትና ያደግን ነን፤ የተዋወቅነውም መዘምራን ሆነን ነው። ከአራት ወር በፊት ባለቤቴ ኢየሩሳሌም ውስጥ ስለተገኘ አንድ መቃብር የሚያወራ ዶክመንተሪ አየ። እዚያ «የዮሴፍ ልጅ ኢየሱስ» የሚል የተጻፈበት የአጥንት ሳጥን ተገኝቷል ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ያነባል። እኔም ዝም አላልኩም፤ መጽሐፍ ቅዱስን የሚደግፉ ግኝቶችን እየፈለግኩ እልክለታለሁ። እሱ ደግሞ የሚያፈርስ ነገር መልሶ ይልክልኛል። ማታ ከልጆቹ ጋር ስንጸልይ በሩ ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። ባለፈው ሳምንት የ9 ዓመቷ ልጃችን «አባዬ ለምን አሜን አይልም?» አለችኝ። «አባትሽን አሞታል» አልኳት። እሱ በሩ ላይ ነበር፤ ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ በቅጡ አያናግረኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ቀልቤን የያዘው ሳጥኑ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን በሩ ነው። ባልሽ አይገባም፤ ግን አይሄድምም። ነገሩን ጨርሶ የተወ ሰው በጸሎት ሰዓት ሳሎን ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። እሱ ግን በየማታው ቆሞ ይሰማችኋል። ይህን ልብ ብለሽው ይሆን?

እናንተ ቤት አራት ወር ሙሉ የተወራው ስለ ሳጥኑ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን በቅርብ እንየው። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ የሃይማኖት ዳኛ አይደለሁም። ማን ልክ ነው ብዬ አልፈርድላችሁም። ግን ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት የሚጣሉበትን ነገር ራሱን በደንብ አያውቁትም፤ ማወቁ ደግሞ ድምፅን ዝቅ ያደርጋል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

መቃብሩ የተገኘው በ1980 ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ታልፒዮት በሚባል ሰፈር ለቤት ግንባታ ሲቆፈር ነው። ከዓለት የተፈለፈለ የቤተሰብ መቃብር ነው። አሥር የአጥንት ሳጥኖች ወጡ፤ ስድስቱ ላይ ስም ነበር፤ ማርያምና ዮሴፍም ከስሞቹ መካከል ናቸው። የዚያ ዘመን አይሁድ ሬሳውን መጀመሪያ ዋሻ ውስጥ ያስተኙታል። ከዓመት ገደማ በኋላ አጥንቱን ሰብስበው ከኖራ ድንጋይ በተጠረበ ሳጥን ያስቀምጡታል። የሳጥኑን ርዝመት የሚወስነው የጭን አጥንት ነው፤ ከሰው አጥንት ረጅሙ እሱ ስለሆነ። ስሙን ብዙ ጊዜ የሚጭረው ራሱ ቤተሰቡ ነው፤ በሚስማር ወይም ስለት ባለው ነገር፣ በችኮላ። «የዮሴፍ ልጅ ኢየሱስ» የተባለውም ጽሑፍ እንዲህ የተጫረ ነው። የመጀመሪያውን ስም በሌላ መንገድ የሚያነቡ ሊቃውንትም አሉ።

ስሞቹ ደግሞ ብርቅ አልነበሩም። በዚያ ዘመን ከአይሁድ ሴቶች መካከል እንደ ማርያም የበዛ ስም የለም። ዮሴፍም ኢየሱስም በየመንደሩ ነበሩ። «የዮሴፍ ልጅ ኢየሱስ» የሚል ሌላ የአጥንት ሳጥን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1931፣ ይፋ ተደርጎ ነበር። አርኪዮሎጂስቱ አሞስ ክሎነር ስለ ታልፒዮቱ መቃብር የጻፈው ዘገባ በ1996 ሲታተም ተራ የቤተሰብ መቃብር ተብሎ ነበር። ዓለምን ያነጋገረው ዶክመንተሪ የተላለፈው በ2007 ነው። ፊልሙ መቃብሩ የክርስቶስና የቤተሰቡ ነው ይላል። ክሎነር ራሱ ይህን ድምዳሜ አልተቀበለም፤ አብዛኞቹ የሙያው ሰዎችም እንዲሁ፣ የማያምኑት ጭምር። ፊልሙ ላይ የተነሳው የዲኤንኤ ምርመራም ያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ኢየሱስ» ከተባለው ሳጥንና ፊልሙ የመግደላዊት ማርያም ነው ካለው ሳጥን የተገኘው ቅሪት በእናት በኩል አይዛመድም። ከዚያ ተነስቶ ባልና ሚስት ናቸው ማለት ረጅም ዝላይ ነው።

አሁን ይህን ይዘሽ ወደ ባልሽ ልትሮጪ ተነስተሽ ይሆናል። ቆይ። ዛሬ ማታ አትላኪለት።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሰው ሐሳቡን እንዲቀይር ሲገፉት የራሱ ምርጫ የተነጠቀ ይመስለዋል። ያኔ ሐሳቡን ለመጠበቅ ሲል የበለጠ ሙጭጭ ይላል። በኛ ሙያ ይህ በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው። አንቺ አንድ ሊንክ ስትልኪ እሱ ሁለት ይልካል። እሱ ሁለት ሲልክ አንቺ እንቅልፍ ታጪያለሽ። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ የምትነጋገሩት በስልክ ሆኗል፤ ያውም በሌላ ሰው ቃል።

ሌላም ነገር አለ። እምነትሽን ድንጋይ ላይ እያስደገፍሽ ነው። በ1961 ቂሣርያ ላይ የጲላጦስን ስም የያዘ ድንጋይ ተገኘ ብለሽ ትልኪያለሽ። እውነት ነው፤ ተገኝቷል። በ1993 በሰሜን እስራኤል፣ ቴል ዳን በሚባል ቦታ «የዳዊት ቤት» የሚል ጽሑፍ መገኘቱም እውነት ነው። ግን እሱ ደግሞ ኢያሪኮን ያመጣብሻል። እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ካትሊን ኬንዮን በ1950ዎቹ እዚያ ቆፍራ፣ ከተማዋ የወደመችው የኢያሱ ዘመን ነው ከሚባለው ቀድሞ ነው አለች። ያኔ ምን ልትዪ ነው? ቁፋሮ አንድ ሰው እንደነበረ፣ አንድ ግንብ እንደፈረሰ ሊያሳይ ይችላል። ክርስቶስ ተነሥቷል የሚለውን ግን በመሮ ፈልፍሎ የሚያወጣም የሚጥልም አርኪዮሎጂስት የለም። አንቺ ስታምኚ የኖርሽው ድንጋይ አይተሽ አልነበረም። እና አሁን ለምን በድንጋይ ትከራከሪያለሽ?

እንዳልሽው ከሆነ ባልሽን የለወጠው አንድ ዶክመንተሪ ነው። ሊሆን ይችላል። በኔ ልምድ ግን አንድ ፊልም የ12 ዓመት ጸሎት ሲያስቆም፣ ብዙ ጊዜ መሬቱ ቀድሞ ርሶ ነበር። የሞተ ወዳጅ አለ? የጸለየበትና ያልተመለሰለት ነገር አለ? ከሚያከብረው አገልጋይ ያየው ክፉ ነገር አለ? እንዲህ ያለውን በእምነት ውስጥ ያለ ጭንቅ መንፈሳዊ ትግል እንለዋለን። ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ረጅም ዘመን አጥንቶታል። ትግሉ እንደ በሽታ አይቆጠርም። ብዙ አማኞች ያልፉበታል፤ አንዳንዱ ጠንክሮ ይወጣል፣ አንዳንዱ ሌላ መንገድ ይይዛል። ወሳኝ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሰውየው ሲታገል ብቻውን መሆን አለመሆኑ ነው።

ግን አደራ፣ የተደበቀ ቁስል ፍለጋ እንደ መርማሪ አትግቢበት። ጥያቄው ጥያቄ ብቻም ሊሆን ይችላል። የሚያስብ ሰው ነው፤ አንድ ነገር አይቶ ደነገጠ። «አንተ እኮ እንዲህ የሆንከው አባትህ ስለሞቱ ነው» ብትዪው እንደናቅሽው ነው የሚቆጥረው።

ስለ አንቺም ልናገር። «ሌላ ሰው ሆነብኝ» ብለሻል። ይህ የሐዘን ቃል ነው። አብሮሽ የዘመረውን ሰው ያጣሽ መስሎሻል። ልጆቼስ ብለሽ ፈርተሻል። ያ ፍርሃት ግን ለባልሽ አልደረሰውም፤ የደረሰው ሊንክ ነው። እስቲ በግልጽ ንገሪው። «ስለ መቃብሩ ላወራህ አልመጣሁም። አብረን የምናደርገው ነገር ስለቀረ ናፍቀኸኛል፤ ፈርቻለሁም» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው።

አሁን ወደ «አሞታል» ልመለስ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ክፋት አስበሽ እንዳላልሽው ይገባኛል፤ ልጅ ድንገት ስትጠይቅ አፍ ላይ የመጣው ይወጣል። ግን ልጅሽ ሁለት ነገር ተምራለች። መጠራጠር በሽታ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የሚጠይቅ ሰው ታማሚ ይባላል። ነገ እሷ 15 ዓመት ሲሞላትና ጥያቄ ሲመጣባት ለማን ትናገራለች? ባልሽም በልጁ ፊት ክብሩ ተነክቷል። ኩርፊያው ስለ ታልፒዮት አይመስለኝም።

ስለዚህ ከይቅርታ ጀምሪ። መጀመሪያ እሱን፤ ብቻችሁን ስትሆኑ። «ግን አንተም እኮ» የሚል ጭራ አትቀጥዪበት። ከዚያ ልጆቹ ፊት ምን እንደምትሉ አብራችሁ ተስማሙ። እሱ እምነትሽን ልጆቹ ፊት አያጣጥልም፤ አንቺ ጥያቄውን ልጆቹ ፊት አታንቋሽሺም። ይህ ለጊዜው ይበቃል። ጸሎታችሁን ግን አታቋርጪ፤ እንዲገባም አትጎትቺው። በሩ ክፍት ይሁን።

ሊንክ መላላክ ይቁም። ስለ ግኝቱ ማውራት ከፈለገ በሳምንት አንድ ቀን ማታ፣ ልጆች ሲተኙ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ፊልሙን እዩት። ወረቀት ያዙ። በአንድ በኩል ምን ተገኘ፣ በሌላ በኩል ስለተገኘው ምን ተባለ ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ራሱ ሲያየው ይሻላል። አንቺም የምትልኪለትን በዚሁ መንገድ መርምሪ። አንዳንዱ ካሰብሽው በላይ ደካማ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ያኔ «ይሄ ልክ አልነበረም» ማለት ሊያስፈራሽ አይገባም።

አገልጋይ ወይም ሽማግሌ ሳይፈቅድ አታምጪበት። ተከበብኩ ይላል። ራሱ የሚመርጠው ሰው ካለ ግን ጥሩ ነው።

እንቅልፍ ማጣቱ ግን አሳስቦኛል። አራት ወር ቀላል አይደለም። ምግብ ከዘጋው፣ ሥራ ካስጠላው፣ «ምንም ትርጉም የለውም» የሚል ቃል ካበዛ ከሃይማኖቱ ጉዳይ ለይታችሁ ባለሙያ ጋር ሂዱ። መኖር አስጠላኝ ካለ ደግሞ አንድ ቀን አታሳድሩት።

ለልጅሽ ደግሞ ከባልሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ፣ እሱ ባለበት፣ እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «ባለፈው አባዬን አሞታል ያልኩሽ ተሳስቼ ነው። አላመመውም። ከባድ ጥያቄ ይዞ እያሰበ ነው፤ እኔም እያዳመጥኩት ነው። ከፈለግሽ ራሱን ጠይቂው።»

«እያዳመጥኩት ነው» የሚለውን ግን ለእሷ ከመናገርሽ በፊት ጀምሪው።