ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃንና ከአካባቢዋ ብዙ ሰው ስለ አሜሪካ በረራ እየጠየቀኝ ነው። ቲኬት መቁረጥ እንጀራዬ ስለሆነ የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ርቀቱ ስንት ነው? አውሮፕላኑስ ምዕራብ መሄድ ሲገባው ለምን ወደ ሰሜን ይወጣል?

መልስ፦ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያሳሳተህ ጠፍጣፋው ካርታ ነው። ሉል ካገኘህ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥርበት። ክሩ በሱዳንና በሊቢያ አልፎ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ አትላንቲክ ላይ ይገባል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው። አብራሪዎች ግን እንደ ነፋሱና እንደ አየር ክልሉ ሁኔታ ከመስመሩ ወጣ ይላሉ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ እኅቴ ስትሄድ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊሞላ መሐል ላይ አረፈ። ስትመለስ ግን በቀጥታ መጣች። መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። እኛ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ስለምንኖር አይታወቀንም እንጂ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል። ስለዚህ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ይከብዳል። ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና ዝቅ ያለ አገር አርፎ ይሞላል። የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ዱልስ ግን ከፍታው 100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሞልቶ ይነሣል። በዚያ ላይ እዚያ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ሲሄድ ፊት ለፊት ይገፋዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ያግዘዋል። መምጫው 13 ሰዓት ገደማ ነው። መሄጃው ከነማረፊያው ከዚያ በብዙ ይረዝማል። የሚያርፍበት ከተማ ስለሚለዋወጥ ቲኬቱን እይ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የልጄ ቲኬት ከዋሽንግተን 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ አዲስ አበባ 08:00 ይገባል ይላል። ልጄ 21 ሰዓት ሙሉ አየር ላይ ልትሆን ነው?

መልስ፦ አይደለም እናቴ፣ አይስጉ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በእነሱ ክረምት፣ ማለትም በብርድ ወራቸው፣ ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከ21 ላይ 8 ሲነሣ 13 ይቀራል። በሙቀት ወራቸው ልዩነቱ 7 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ልጅዎ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነሥታ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ትገባለች።

እባካችሁ ይህንን ደግሞ ልብ በሉ። «ማክሰኞ 00:30» የሚል ቲኬት ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት አለባችሁ። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ሲያለቅስ ማየት ያማል።

ጥያቄ (ከአጣዬ)፦ በረራዬ ማታ ነው። ጠዋት ብነሣ እደርሳለሁ?

መልስ፦ አታድርጊው። ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያንቺ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሊይዝሽ ይችላል። ቀድመሽ ግቢና አዲስ አበባ እደሪ። ቦሌም ከበረራሽ ቢያንስ 3 ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ እናቴ የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች። በየትኛው ሰዓት ትውሰድ?

መልስ፦ እሱን ሐኪሟ ይንገራት። ቲኬቱን ይዛችሁ ሂዱና የሰዓት ልዩነቱን አሳዩት። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። መንገድ ላይ ውኃ ትጠጣ፤ እየተነሣችም በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ ትበል።