የፊውዥን ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ (ጥያቄና መልስ)

አብነት፦ ሥራዬ የፊውዥን (ቀላል አተሞችን አዋህዶ ኃይል የማውጣት) ነዳጅ ላይ ነው። ጠይቁኝ። ማሳሰቢያ፦ ከፕላዝማው (እጅግ ከጋለው የነዳጅ ጋዝ) የወጣ ኃይል ማለት መብራት ማለት አይደለም።

ሜሮን፦ አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 2022 በሌዘር ፊውዥን ካስገቡት ኃይል በላይ አወጡ አልተባለም እንዴ?

አብነት፦ ማሳሰቢያውን አላነበብሽም። ኢላማው ላይ ያረፈው የሌዘር ጉልበት 2.05 ሜጋጁል፣ የወጣው 3.15። ሌዘሮቹ ከመብራት መስመር የሳቡት ግን 300 ገደማ ነው።

ዳዊት፦ ነዳጁ ከባሕር ውሃ ስለሆነ አያልቅም ይባላል።

አብነት፦ ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው! ነዳጁ ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነት ነው፤ ከባሕር የሚገኘው ዲዩቴሪየም ነው። ሌላው ግማሽ፣ ትሪቲየም፣ በተፈጥሮ የለም ማለት ይቻላል፤ በ12.3 ዓመት ግማሹ ስለሚጠፋም አጠራቅመህ አታስቀምጠውም። ዋናው ምንጭ ካንዱ የሚባሉት የካናዳ የኑክሌር ሪአክተሮች ናቸው። 1 ጊጋዋት የፊውዥን ኃይል ግን ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ 55 ኪሎ ገደማ ትሪቲየም ይበላል። ስለዚህ ጣቢያው ነዳጁን ራሱ ማምረት አለበት፦ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሊቲየም ኒውትሮን ሲመታው ትሪቲየም ይወጣል። ችግሩ፣ አንድ ትሪቲየም ሲቃጠል የሚገኘው አንድ ኒውትሮን ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ብረቱ የሚውጠው አለ፣ በማሞቂያና በመለኪያ ቀዳዳ የሚያመልጥ አለ። ለዚህ ነው ኒውትሮን የሚያባዛ ቤሪሊየም ወይም እርሳስ የሚጨመረው። ይህ ዑደት በጣቢያ ደረጃ የትም ተሠርቶ አልታየም።

ዳዊት፦ ላም አለኝ በሰማይ በለኛ!

ሳምሶን፦ ቻይና ግን ፕላዝማ ለረጅም ጊዜ በማቆየት ሪከርዱን ይዛለች።

ሄኖክ፦ ተቀድማለች ወንድሜ። በፈረንጆቹ 2025 ጥር የቻይናው የፊውዥን መሣሪያ ኢስት 1,066 ሰከንድ፣ በወሩ የፈረንሳዩ ዌስት 1,337።

ሳምሶን፦ የኢስት ኤች ሞድ (ፕላዝማው ሙቀቱን በተሻለ የሚይዝበት አሠራር) ነበር፤ አይወዳደርም!

ሄኖክ፦ ሲሸነፉ ሁሌ እንዲህ ነው።

አብነት፦ ሁለቱም ትሪቲየም አላቃጠሉም። መብራትም አልሰጡም። ቀጥሉ።

ቤቲ፦ ይፈነዳል?

አብነት፦ አይፈነዳም። ሲበላሽ ፕላዝማው ቀዝቅዞ ይጠፋል።

ሜሮን፦ ኢተርስ፣ አገሮች ተባብረው ፈረንሳይ ውስጥ የሚገነቡት ትልቁ የፊውዥን መሣሪያ፣ መቼ መብራት ይሰጣል?

አብነት፦ አይሰጥም! ለምርምር ነው የሚሠራው። በ2024 በተከለሰው ዕቅድ ሥራ የሚጀምረው በ2034፣ በትሪቲየም ደግሞ በ2039 ነው። ስንቴ ልበለው?

ሳምሶን፦ በአጠቃላይ ተስፋ አለው?

አብነት፦ «በአጠቃላይ» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ዳዊት፦ እሺ፣ ሊቲየሙስ እንደ ልብ ይገኛል?

አብነት፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በብዛት የሚፈለገው ሊቲየም-6 የሚባለው ቀለል ያለው የሊቲየም ዓይነት ነው፤ በተፈጥሮው ሊቲየም ውስጥ ያለው 7.5 በመቶ ገደማ ስለሆነ መበልጸግ (ድርሻው ከፍ ማለት) አለበት። በስፋት የተሠራበት ዘዴ ሜርኩሪ ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ኦክ ሪጅ በሚባል ቦታ ወንዙን የበከለው ሜርኩሪ ከዚሁ ሥራ የወጣ ነው፤ ያኔ ሊቲየሙ የሚፈለገው ለቦምብ ነበር። ሜርኩሪ የማይነካ ዘዴ በጣቢያ መጠን ካልመጣ ግድግዳው በምን ይሞላል?