«እሷ እሱ ሆነች» ይባላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም አለው። አምና «በርድ ራስ» የሚባለውን፣ አፉ እንደ ወፍ መንቁር የሾለውን ዓሣ ገዛን። ስትመጣ ከፊቷ ነጣ፣ ወደ ጭራዋ ጠቆር ያለች ነበረች፤ ሻጩም ሴት ናት አለን። ከወራት በኋላ መላ አካሏ አረንጓዴ ሆነ፤ ወንድ ሆናለች አሉን። የ7 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ እሷ እሱ ሆነች!» ስትል «እንዲህ አይባልም» ብዬ አረምኳት። ትክክለኛውን ልነግራት ስል ግን ጠፋኝ። «የገዛነው» ልበል ወይስ «የገዛናት»? ለዓሣስ የሚባለው «ወንድ» ነው «ወንዴ»?

መልስ፦ እርማቱን ይመልሱላት፤ ልጅዎ ያለችው ልክ ነው።

«ሆነ» የሚስማማው ከባለቤቱ ጋር ነው፤ ከሆነው ነገር ጋር አይደለም። «እኔ አንተን ብሆን ኖሮ» ስንል «ብሆን» «እኔን» ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ «እሷ» ብላ የጀመረች ልጅ «ሆነች» ብላ መጨረሷ የግድ ነው። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን «እሱን» አለማለቷ ነው። «እሱን ሆነች» ብትል ዓሣዋ የሌላ የታወቀ ዓሣ ቦታ ተክታ ገባች ማለት ይሆን ነበር፤ ተዋናይ «ቴዎድሮስን ሆኖ ተጫወተ» እንደምንለው። ያለ «ን» ሲሆን የዓሣዋ የራሷ ጾታ ተለወጠ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም፤ ከእናቷ አፍ የወሰደችው ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

አምና የተገዛችው ሴት ስለነበረች «የገዛናት» ይበሉ። የዛሬውን ሲያወሩ «አረንጓዴ ነው»፣ «ሌሎቹን ያባርራል» ይበሉ። ድንበሩ «ሆነች» የሚለው ግስ ነው፤ ከሱ በፊት ያለው በእሷ፣ ከሱ በኋላ ያለው በእሱ ይነገራል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በአማርኛ «ዓሣዋ» መባሉ ብቻ ሴትነትን አያረጋግጥም። ትንሽና የምታሳሳ ነገር በአንስታይ ጾታ ትጠራለች፤ «ይቺን ዳቦ ብላት»፣ «ቤቷ ጠባብ ናት» እንላለን፣ ዳቦና ቤት ጾታ ሳይኖራቸው። አኳሪየም ፊት የቆመ ሐበሻ «ያቺን ቢጫዋን አየሃት?» ሲል ስለ መጠኗ ይሁን ስለ ጾታዋ ከንግግሩ ብቻ አይለይም። ጾታ ለመናገር ከፈለግን በግልጽ መሰየም አለብን፤ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ የሚወስደንም ይኸው ነው።

«ወንድ ዓሣ» ማለት ስሕተት የለበትም፤ ወንድ ድመት፣ ሴት ውሻ እንላለንና። «ወንዴ»ና «ሴቴ» ግን ሥነ ፍጥረታዊውን ጾታ ለይተው ስለሚጠሩ ለጽሑፍ ይመቻሉ፤ ገበሬው ወንዴ ፓፓያ፣ ሴቴ ፓፓያ ይላል፣ የባዮሎጂ መምህሩም ወንዴ ዘር ይላል። «ፍናፍንት» የሚለውን እዚህ ባታመጡብኝ እወዳለሁ። ቃሉ ሁለቱን ጾታ በአንድ ጊዜ የያዘን ነው የሚጠራው፣ ለሰው ሲነገርም ያቆስላል። የእርስዎ ዓሣ መጀመሪያ ሴቴ ነበረች፣ ኋላ ወንዴ ሆነች፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አልነበረችም።

ለእነዚህ ዓሦች ከሁሉ የሚስማማው ቃል ግን «አውራ» ይመስለኛል። አውራ ዶሮ፣ አውራ በግ ስለምንል ብዙ ሰው «ወንድ» ማለት ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። አውራ ጣትና አውራ ጎዳና ወንድነት የላቸውም፤ ንብ አናቢም አውራ የሚላት እንቁላል ጣይዋን ናት፣ አውራዋ ከተያዘች መንጋው ይከተላታል። አውራ ማለት ቀዳሚ፣ መሪ ማለት ነው፤ የማዕረግ ስም ነው። የእርስዎ «በርድ ራስ» በምትመደብበት ወገን፣ በ«ራስ» ዓሦች ዘንድ ደግሞ ወንድነት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በማዕረግ ነው። የሌሎችን ዓሦች ጥገኛ ተባይ እየለቀመች የምታጸዳውን ባለ ጥቁር መስመሯን ራስ ዓሣ እንውሰድ። አንድ አውራ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይኖራል። እሱ ሲሞት ከሴቶቹ ትልቋ በሰዓታት ውስጥ እንደ አውራ ሌሎቹን መቆጣጠር ትጀምራለች፤ ከ14 እስከ 18 ቀን ባለው ጊዜም ወንዴ ዘር ታፈልቃለች። ይህን የዓሣ ተመራማሪው ሮስ ሮበርትሰን በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ተመልክቶ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል። የዚህች ዓሣ ወንዱም ሴቷም መልካቸው አንድ ነው፤ አውራው የሚታወቀው በትልቅነቱና በአኳኋኑ ነው።

መልክ የሚያሳስትበትም አለ። በካሪቢያን ባሕር የሚኖረው ባለ ሰማያዊ ጭንቅላቱ ራስ ዓሣ አውራው ከሩቅ ይለያል፤ ሴቶቹ ቢጫ ናቸው። ከቢጫዎቹ መካከል ግን ከመጀመሪያው ወንድ ሆነው ያደጉ፣ ሴት የሚመስሉ አሉ። በአማርኛ ለእነዚህ መግለጫ አናጣም፦ ወንዴ ናቸው፣ አውራ ግን አይደሉም። «ወንዴ» ጾታውን፣ «አውራ» ማዕረጉን ይናገራል፤ ሁለቱን ካልቀላቀልን አኳሪየሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ መናገር እንችላለን።

ስለ ስሙም ልጨምር። እኛ የደጋ ሰዎች አምባዛና ቆሮሶ የምንለው የሐይቅና የወንዝ ዓሣ አለን፤ ለእነዚህ የባሕር ዓሦች ግን በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለን ከእንግሊዝኛው «ራስ» ብለን ወስደናል። ከሰውነት «ራስ» ጋር እንዳይምታታ የቃሉን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦ «የዓሣ ራስ» ድስት ውስጥ የሚገባው ነው፣ «ራስ ዓሣ» አኳሪየሙ ውስጥ የሚዋኘው። የእርስዎንም አፉን አይተው «መንቁሬ ራስ ዓሣ» ቢሉት ማንም ያውቀዋል።

እንግዲህ ለልጅዎ፦ «አምና የገዛናት መንቁሬ አውራ ሆነች፤ አሁን አረንጓዴ ነው።» ልጅዎ ካለችው የለወጥኩት ዋናው ቃል አንድ ነው፤ በ«እሱ» ቦታ «አውራ» ገባ።