ሽቦው ላይ ያለውን ጊዜ ቁጠሩ፦ ለወጣት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ጅማ ላይ ክረምቱ ጠንክሯል። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲወርድ መብራቱ አንዴ ይደክማል፣ አንዴ ይመለሳል። ጠረጴዛዬ ላይ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ትተውልኝ የሄዱት ቦርድ ተቀምጧል፤ አንድ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቺፕ)፣ አንድ የሙቀት ሴንሰር፣ በመካከላቸው አራት ሽቦ። «ኮዱ ትክክል ነው፤ ሴንሰሩ ግን አይመልስም» ብለው ነው የሰጡኝ።

ይህን አባባል ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ለእነርሱም ለእናንተም የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሲሪያል ግንኙነት (ዳታን ቢት በቢት በሽቦ መላክ) ስትሠሩ ኮዱን ከማመናችሁ በፊት ሽቦው ላይ የሚያልፈውን ጊዜ ቁጠሩ። ኮዱ የሚነግራችሁ ያሰባችሁትን ነው። የሆነውን የሚያውቀው ሽቦው ነው።

ይህን የተማርሁት በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ 8051 በሚባለው ማይክሮኮንትሮለር ላይ ነው። በ9600 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 9600 ቢት፣ ለኮምፒውተር ቁጥር እንዲልክ ፈለግሁ። መጻሕፍቱ 11.0592 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል (የቺፑን ሰዓት የሚመታ ክፍል) ይላሉ፤ እኔ እጄ ላይ የነበረው 12 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለአንድ ክሪስታል ተብሎ አውቶቡስ አይሳፈሩም። ቁጥሮቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ ምን ያመጣል ብዬ ገጠምሁት። 65 ብዬ የላክሁት ኮምፒውተሩ ላይ 161 ሆኖ ይደርሳል። ደግሜ ስልከውም 161። ሽቦ ቀየርሁ፣ ቺፕ ቀየርሁ፣ ኮዱን ሦስት ጊዜ እንደገና ጻፍሁ።

መልሱ የተገኘው በእርሳስና በወረቀት ነው። ያ ቺፕ የክሪስታሉን ፍጥነት ለ12፣ ቀጥሎም ለ32 ያካፍላል። 11.0592 ሜጋ ኸርዝ በዚህ መንገድ 28,800 ይሆናል፤ ለ3 ስታካፍሉት ልክ 9600 ይወጣል። እንግዳ የሚመስለው ቁጥር የተመረጠው ለዚህ ነው። 12 ሜጋ ኸርዝ ግን 31,250 ይሆንና ለ3 ሲካፈል 10,417 ገደማ ይመጣል፤ ከሚፈለገው 8.5 ከመቶ ይፈጥናል። ተቀባዩ ኮምፒውተር የላኪውን ሰዓት አያይም። መስመሩ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ሲወርድ የመነሻ ቢቱን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ሰዓት እየቆጠረ የእያንዳንዱን ቢት መሐል ለማንበብ ይሞክራል። በእንዲህ ያለ ስሕተት የመጀመሪያዎቹን አምስት የዳታ ቢቶች በትክክል ያነባል። ስድስተኛውን አነባለሁ ሲል ሰባተኛው ላይ ያርፋል፤ ሰባተኛውን ሲል ስምንተኛው ላይ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ 1 የሆነውን የማቆሚያ ቢት እንደ ዳታ ይቆጥረዋል። 65ን በሁለትዮሽ ጻፉና ከዝቅተኛው ቢት ጀምራችሁ እንዲህ አንሸራትቱት፤ 161 ይወጣላችኋል። ፍጥነቱን ወደ 2400 አወረድሁት፤ 31,250 ለ13 ሲካፈል 2,404 ገደማ ነው፤ ስሕተቱ 0.2 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ያው የ12 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል ከዚያ በኋላ ለዓመታት አገለገለኝ።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው አትበሉ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ክሪስታል ሳትገጥሙ በቺፑ የውስጥ ሰዓት ትሠራላችሁ። ኤቲሜጋ328 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር የውስጥ ሰዓቱ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 10 ከመቶ ሊዛነፍ እንደሚችል ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ራሱ ጽፎታል። ማን ያነበዋል?

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ በአንድ የቡና መጋዘን የሠራነው ሥራ ነው። ዝናብ በማያባራበት አገር በቅጡ ያልደረቀ ቡና መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። ስለዚህ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰሮች ሰቅለን በአንድ ጥንድ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ አርኤስ-485 በሚባለው የሽቦ ግንኙነት ደንብ አያያዝናቸው፤ የሚነጋገሩበት የጥያቄና መልስ ቋንቋ ሞድባስ ነበር። አርኤስ-485 በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል፤ በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አሟልተናል። መናገሪያውም መስሚያውም ያው ጥንድ ሽቦ ስለሆነ ነገሩ እንደ ሽምግልና ሸንጎ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ የጨረሰውም መስመሩን ይለቃል። መስመሩን የሚይዝና የሚለቅ አንድ የማይክሮኮንትሮለር እግር አለ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሲሠራ የነበረው መጋዘኑ ውስጥ ጸጥ አለ። ምን እንደተለወጠ ስፈልግ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለመከታተያ ብዬ ወደ ስክሪን የሚጽፍ አንድ የኮድ መስመር ሥራው አልቋል ብዬ አጥፍቼው ነበር። መለስሁት፤ ሴንሰሮቹ መለሱ። አጠፋሁት፤ ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ግራ አትጋቡ፤ ጊዜ ነው። ያ የኮድ መስመር ሳላስበው ፕሮግራሙን ያዘገየው ነበር።

ኦሲሎስኮፕ፣ ሽቦው ላይ ያለውን ቮልቴጅ በስክሪን የሚሥለውን መሣሪያ፣ ተሸክመን ሄድን። ሴንሰርን ለማንበብ የሚላከው የሞድባስ ጥያቄ 8 ባይት ነው። ስክሪኑ ላይ ቆጠርሁ፤ 7። ስምንተኛው ገና ሲጀምር ተቆርጧል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ይሰጣል። አንደኛው «ቀጣዩን ባይት ለመቀበል ባዶ ነኝ» ይላል፤ ሁለተኛው «የመጨረሻው ቢት ከእጄ ወጥቷል» ይላል። እኔ በመጀመሪያው ምልክት መስመሩን ለቅቄአለሁ፤ የመጨረሻው ባይት ግን በ9600 ባውድ ከቺፑ ለመውጣት አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ገና ይቀረዋል። የተቆረጠው ባይት መልእክቱ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያረጋግጠው ሒሳብ ግማሽ ነው፤ ሞድባስ ደግሞ ሒሳቡ ያልገጠመለትን መልእክት መልስ ሳይሰጥ ያልፈዋል። ሴንሰሮቹ ጤነኛ ነበሩ፤ ሕጋቸውን አክብረው ነው ዝም ያሉት።

መጀመሪያ ያደረግሁት መፍትሔ ራሱ ስሕተት ነበር፤ 10 ሚሊ ሰከንድ ጠብቅ ብዬ ጻፍሁ። ግማሾቹ ሴንሰሮች ሠሩ፤ ፈጥነው የሚመልሱት ግን እኔ መስመሩን እንደያዝሁ መናገር ጀምረው መልሳቸው ከእኔ ጋር ተጋጨ። በጭፍን የተጻፈ መዘግየት አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላውን ይከፍታል። ሁለተኛውን ምልክት ጠብቄ ስለቅ ሁሉም ተስተካከለ፤ የተለወጠው አንድ ቃል ነው።

ስለ ኤስፒአይ፣ ስለ ሌላው የሲሪያል ግንኙነት ዓይነት፣ ብዙ አልልም፤ ሰዓቱን ከዳታው ጋር ስለሚልክ ይቅር ባይ ነው። ሰዓቱና ዳታው የሚናበቡባቸውን አራቱን ሁነታዎች ግን እየሞከራችሁ አትምረጡ። የተሳሳተው ሁነታ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራ ይመስልና ቁጥሩን በአንድ ቢት አንሸራትቶ ይሰጣችኋል። የዳታሺቱን የሰዓት ሥዕል ተመልከቱ።

ላይብረሪ አትጠቀሙ አልላችሁም። አንድ ጊዜ ግን የሌላ ሰው ኮድ ሳትነኩ አንዲት ባይት በእጃችሁ ላኩ፣ በእጃችሁ ተቀበሉ። ከኮምፒውተር ጋር የምትገጠመው፣ ሽቦው ላይ የሚያልፉትን ቢቶች የምታሳየው ትንሿ ሎጂክ አናላይዘር ለአንድ ተማሪ ብትከብድ ለአምስት አትከብድም፤ እቁብ ግቡና ግዟት።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ቦርድ ልመለስ። የተሠራው በአይ-ቱ-ሲ ነው፤ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ባለ ሁለት መስመር ግንኙነት። ሁለቱም መስመሮች በሬዚስተር ወደ ላይ ተስበው ይቆያሉ፤ መናገር የፈለገ ወደ ታች ይጎትታቸዋል። በመልቲሜትር ብቻ ነካካሁት፤ የሰዓቱ መስመር 3.3 ቮልት፣ የዳታው መስመር ዜሮ። መብራቱ ሲደክም ማይክሮኮንትሮለሩ እንደገና ተነሥቷል፤ ሴንሰሩ ግን አልጠፋም። ንባብ መሐል ላይ ዜሮ ቢት እየላከ ሳለ ሰዓቱ ስለቆመበት መስመሩን እንደጎተተ ቀጣዩን የሰዓት ምት ይጠብቃል። ማይክሮኮንትሮለሩ ደግሞ መስመሩ እስኪለቀቅ ይጠብቃል፤ ለሚጠብቅበት የኮድ ዙር የጊዜ ገደብ አልተጻፈለትም። ሲነሣ የሰዓቱን መስመር እስከ 9 ጊዜ ቢመታለትና የማቆሚያ ምልክት ቢልክ ሴንሰሩ ይለቅ ነበር።

ቅዳሜ ሲመጡ ይህን አልነግራቸውም። ሁለት በርጩማ አስቀምጬ ኦሲሎስኮፑን አበራላቸዋለሁ።